አዝዬ አመጣልሻለሁ

ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ሰፈር ያሉ ነጋዴዎች «ስንዱ አበደች» ብለው የተስማሙት ባለፈው ሚያዝያ ነው። አይፈረድባቸውም፤ ያዩትን አይተው ሌላ ምን ይበሉ? አርባ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት፣ ያውም «ወገቤን» ስትል የምትውል ሴት፣ የብርድ ልብስ እስር በነጠላ ጀርባዋ ላይ አዝላ አራት ፎቅ ደረጃ ስትወጣ ከረመች። መውጣቱ ብቻ ቢሆን ዕቃ እያስገባች ነው ይባል ነበር። እሷ ግን ያንኑ እስር አዝላ መልሳ ትወርዳለች፤ ወርዳም እንደገና ትወጣለች።

ሱቋ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ብርድ ልብስና መጋረጃ ትሸጣለች። የሕንጻው ሊፍት ከተበላሸ ዓመታት ስላለፉት ዕቃ የሚያመላልሱ ተሸካሚዎች አሉ፤ እነሱም «ሥራችንን ልትቀማን ነው» ብለው አኩርፈዋታል። ፊት ለፊቷ ጫማ የምትሸጠው የአለምወርቅ ሦስት ቀን ዝም ብላ አይታ በአራተኛው አላስቻላትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተሸካሚ ጠፋ?»

«ዶክተሩ ስፖርት ሥሪ ብሎኝ ነው» አለች ስንዱ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ዶክተሩ ያላት የዚህን ተቃራኒ ነው። የአከርካሪዋን ራጅ መብራት ላይ ለጥፎ፣ ሁለቱን አጥንቶች በእስክሪብቶ እየነካ፣ ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሳ አስጠንቅቋታል። ስንዱ ግን ከዶክተሩ በፊት ቃል የገባችለት ሌላ ነበረ።

ከሶዌቶ ሊገዙ የሚመጡት እናቶች ደግሞ ነገሩን ወደዱት። እነሱ ልጅ የሚያዝሉት እሷ በምትሸጠው ብርድ ልብስ ስለሆነ አስተዛዘሏን ያርሙላት ጀመር፤ ቋጠሮው ላልቷል እያሉ ያጠብቁላታል። አንዲት አሮጊት ደረጃው ላይ አግኝታት «ሀይቦ! ኡፒ ኡምንትዋና?» ብላ፣ ሕፃኑስ የታለ ብላ ሳቀችባት። ስንዱም አብራት ሳቀች። ሕፃኗ በዚያ ሰዓት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትምህርት ላይ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣ ክብደቷ ሃምሳ ስምንት ኪሎ፣ ከእናቷም በአንድ ራስ ትረዝማለች።

ነገሩን ለመረዳት ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስንዱ ጎንደር ቁስቋም ሥር ተወልዳ ያደገች ናት። ባሏ አየነው ቀድሞ በእግሩም በመኪናም ብሎ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ፣ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉት የሰው ትንሽ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። «ነይ» ሲላት የስምንት ወር ልጇን ሮሃን አዝላ በዚያው መንገድ ተከተለችው። ይኼ አየነው በኋላ ደርባን ሄዶ ሌላ ትዳር መሥርቷል፤ ከዚህ ታሪክ እዚሁ ላይ ብናሰናብተው ማንም አይጎዳም።

በመንገድ ላይ አንድ ጠዋት ደላላው አሥራ አንድ ሰው ከጭነት መኪና ሸራ ሥር ሊያስገባ ሲል ለስንዱ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ሰጣት። «ኬላ ላይ ካለቀሰች ሁላችንም አለቀልን። አንድ ክዳን አጠጫት» አላት። አንድ ክዳን አጠጣቻት። ልጅቷ መነጫነጯን አልተወችም፤ ሸራው ሥር ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ሁለተኛ ጨመረችላት። ከዚያ መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስና የወታደሮቹ ድምፅ ሲሰማ፣ ማንም ሳያዛት፣ ከፍርሃቷ ብዛት ሦስተኛውን አጠጣቻት።

ሮሃ ተኛች። ኬላው ታለፈ፤ ተኝታለች። ከመኪናው ወርደው ጫካ ውስጥ በእግር ሲሄዱ ተኝታለች፤ መሽቶ ነጋ፣ አሁንም ተኝታለች። ስንዱ በጣቷ ዓይኗን ስትከፍተው ነጩ ብቻ ይታያታል። ትንፋሿ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። ቆሞ ማየት አይቻልም፤ የቆመ ሰው ይቀራል፤ ስለዚህ እየሄደች፣ እጇን ወደ ኋላ እየላከች የልጇን እግር ስትነካካ ዋለች። ወሩ ጥቅምት ነበር፣ ጾመ ጽጌ፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ የተሰደደችበት የሚታሰብበት ጊዜ። ስንዱ የስደቷን ሥዕል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«የቁስቋሟ፣ አንቺም ልጅ አዝለሽ ተሰደሻል» አለች። «ይቺን አንቂልኝ። ካነቃሽልኝ፣ ግብጽ እግርሽ የረገጠበት ድረስ እንዲህ አድርጌ አዝዬ አመጣልሻለሁ።»

እኩለ ቀን ሲሆን ጀርባዋ ላይ አንድ ትንሽ ማስነጠስ ተሰማ።

የዚያን ጊዜ ስንዱ የመሰላት ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ወረቀቷን ይዛ፣ እየሮጠ የሚቦርቅ የሦስት ዓመት ልጅ አዝላ ግብጽ እንደምትሄድ ነው። ወረቀቱ ሁለት ዓመት አልፈጀም፤ አሥራ ሰባት ፈጀ። በየጊዜው የሚታደስ የጥገኝነት ፔፐር ይዞ ከአገር መውጣት የለም። ልጅ ደግሞ ፔፐር እስኪደርስ አይጠብቅም፣ ያድጋል። ሮሃ አሥራ አምስት ኪሎ ሆነች፤ ሃያ ሆነች፤ አርባ ሆነች። ሌሎች እናቶች ልጃቸው ሲያድግላቸው ተመስገን ይላሉ፤ ስንዱ ተመስገን ብላ ቀና ስትል ሸክሙ ሌላ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ታገኘዋለች።

ስለቱን ያላስገባ ሰው ምን ዕረፍት አለው? ስንዱ ተቀምጣ ስትበላ ያያት የለም። ቅዳሴ ላይ እንኳ አንድ ቦታ አትቆምም፤ ሻማ ታስተካክላለች፣ ምንጣፍ ትጎትታለች። ሜይፌር ያለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ሮሃ ከምሳ በኋላ ሸለብ ካደረጋት እናቷ መጥታ ትከሻዋን ትወዘውዛለች። «ውኃ ላምጣልሽ?» ትላለች። ልጅቷ «ማሚ፣ ተኝቻለሁ እኮ!» ብላ ትጮኻለች፤ ስንዱ ጩኸቱን ሰምታ ደስ ብሏት ወደ ጓዳ ትመለሳለች።

ፔፐሩ የወጣ ሰሞን ንስሐ አባቷ አባ ሲላስ ዘንድ ሄደች። ሽሮፑን ድሮውንም ነግራቸዋለች፤ በዚህ ምድር ላይ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ልጄ፣ እመቤታችን እኮ ሚዛን ይዛ አትጠብቅሽም» አሏት። «ልጅቷ አድጋለች። የክብደቷን ያህል ጧፍ አስገቢና ነገሩ በዚህ ይለቅ።»

«አባታችን፣ እኔ ጧፍ አልኩ እንዴ?»

«አላልሽም።»

«አዝዬ ነው ያልኩት። እሷም ስታነቃልኝ ግማሽ ጎኗን አይደለም ያነቃችው።»

አባ ሲላስ መቋሚያቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። «እንግዲያው የምትታዘለው ብርድ ልብስ አይደለችም፣ ሰው ናት። ፈቃዷን ጠይቂ። ለምን እንደሆነም ንገሪያት» አሉ። ስንዱ የፊተኛውን ተቀብላ፣ የኋለኛውን እንዳልሰማ ሆና ወጣች።

ሮሃ የሥነ ሕንጻ ተማሪ ናት። መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ የካርናክ ዓምዶች ፎቶ ተለጥፏል፤ ግብጽን ለማየት ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኛለች። ስለዚህ እናቷ አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እየላጠች «ግብጽ እንሂድ እንዴ?» ስትል ልጅቷ ከወንበሯ ተነሥታ ጨፈረች። «ማሚ ሲሪየስሊ? ለእኔ ብለሽ?» ስንዱ «ለአንቺ ነው» አለች። ውሸት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም። ሮሃ በዚያው ሳምንት ስምንት ቀን የሚፈጅ የቡድን ጉብኝት አገኘች፤ ጊዛ፣ አስዋን፣ በጀልባ ሉክሶር፣ በመጨረሻ አሮጌው ካይሮ። ስንዱ ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። አሮጌው ካይሮ ውስጥ እመቤታችን ከልጇ ጋር ያረፈችበት ዋሻ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ሮሃ ግን አንድ ነገር አሳስቧታል። እናቷ መጎብኘት አትችልም። አሥራ ስምንት ዓመት ጆሃንስበርግ ኖራ የምታውቀው ከሜይፌር ጄፒ፣ ከጄፒ ቤተ ክርስቲያን ነው። «መለማመድ አለብሽ» ብላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮንስቲትዩሽን ሂል ወሰደቻት፤ ድሮ እስር ቤት፣ አሁን ሙዚየም ወደሆነው።

«ቲኬት ቆርጠን እስር ቤት ልንገባ ነው?» አለች ስንዱ በሩ ላይ።

«ታሪክ ነው ማሚ።»

«እኔ በመንገድ ላይ ሁለት ወር በነጻ ገብቼ አይቼዋለሁ። ጣሪያው ይኼንኑ ይመስላል።»

ሮሃ እያንዳንዱን ጽሑፍ ቆማ ታነባለች። ስንዱ አንዱን ክፍል በአንዱ በር ገብታ በሌላው ትወጣለች፤ ልጅቷ ጨለማ ክፍሉን ስታይ እናቷ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞራ ነበር። «ቀጥሎስ?» ትላለች። «ቀጥሎ ምን አለ?» በመጨረሻ ውጭ ያለው ደረጃ ላይ፣ ከተማው ወደ ታች በሚታይበት፣ ሮሃ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። ስንዱ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም ብላ ስለቷን ነገረቻትና እንድትታዘልላት ጠየቀቻት።

«ኖ» አለች ሮሃ። «ማሚ፣ ኖ። አዝለሽ? ጀርባሽ ላይ?»

«አሥር ደረጃ ነው። ቢበዛ ሃያ።»

«ቱሪስቱ ሁሉ ቪዲዮ ይቀርጸናል! ዲስክሽስ? ዶክተሩ ያለውን እኮ እኔ ነኝ የተረጎምኩልሽ።» ከዚያ ብርድ ልብሶቹ ትዝ አሏት። «ኦ ማይ ጎድ። ደረጃውን የምትወጪው ለዚህ ነው?»

«ተለማምጃለሁ። እችልሻለሁ።»

«ለምን አዝዬ አልሽ? ይዣት እመጣለሁ ማለት አይቻልም ነበር? ምን ሆኜ ነው ለመሆኑ?»

ስንዱ ከተማውን አየች። መንገር ነበረባት፤ አባ ሲላስም ብለዋታል። ከነገረቻት ግን ልጅቷ እናቴ በእጇ ልትገድለኝ ነበር ብላ ትሄዳለች፤ ይኼ ፍርሃት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከስለቱ ጋር አብሮ ሲያድግ ኖሯል። ካልነገረቻት ደግሞ እሺ የሚያሰኝ ምክንያት የላትም።

«ታመሽ ነበር» አለች።

«ሰው ይታመማል ማሚ። ሻም፣ አዝናለሁ። ግን አልታዘልም» አለች ሮሃ፤ ቦርሳዋን አንሥታም ወደ ታክሲው ሄደች።

በዚህ ሁኔታ ነው ጥቅምት ላይ ከኦ አር ታምቦ ኤርፖርት የበረሩት። ልጅቷ ነገሩ ያለቀ መስሏት፣ እናቷ ደግሞ እዚያ ስንደርስ እመቤታችን ታሳምናታለች ብላ። ስንዱ ሻንጣዋ ውስጥ ያስቀመጠችው ነጠላ ሁለት እጥፍ የተሰፋ፣ ብረት የሚያነሣ ነበር።

አስጎብኚያቸው ዩስራ የምትባል የካይሮ ሴት ናት፤ እንግሊዝኛዋ ይንቆረቆራል፣ ትዕግሥቷም ብዙ ነው። ስንዱ ግን በመጀመሪያው ቀን ልትጨርሰው ምንም አልቀራትም። ጊዛ፣ ትልቁ ፒራሚድ ሥር፣ ዩስራ ስለ ድንጋዮቹ ብዛት ስትናገር ስንዱ የልጇን እጅጌ ጎተተች።

«ጠይቂያት። እመቤታችን እዚህ መጥታለች?»

ሮሃ እያፈረች ጠየቀች። ዩስራ ማንም እንደማያውቅ፣ ግን ቅዱሱ ቤተሰብ በአባይ ላይ በጀልባ ወደ ደቡብ ሄደዋል እንደሚባል፣ ከወንዙም ፒራሚዶቹ ሊታዩ እንደሚችሉ ነገረቻት።

«እሷ ስትመጣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሆኗቸው ነበር ማሚ» አለች ሮሃ ዓይኗን ከድንጋዩ ሳትነቅል። «አስቢው። ለሷም ጥንታዊ ነበሩ። አይታቸዋለች።»

ስንዱ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው። «አላየችውም» አለች። «ልጅ ይዞ የሚሸሽ ሰው እንዲህ ያለውን አያይም። መንገድና ልጁን ነው የሚያየው። ቀጥሎስ?»

በየቦታው ይኸው ሆነ። በስፊንክሱ ፊት፣ በሳቃራ፣ በአስዋን፤ መጥታለች? አልመጣችም? እንግዲያው እንሂድ። ዩስራ «ማማ ያላ»፣ እማማ እንሂድ፣ የሚል ስም አወጣችላት፤ ቡድኑም ተቀበለው። ፊላይ የሚባለው ደሴት ላይ ግን ስንዱ ሳትጠይቅ ቀረች፤ የቤተ መቅደሱ ዓምድ ላይ መስቀል ተቀርጾ አየች። ወዲያው ጫማዋን አወለቀች፣ አማተበች፣ ዓምዱን በግንባሯም በከንፈሯም ተሳለመች። ዘበኛው ፊሽካ እየነፋ መጣ። ዩስራ እየሮጠች ደርሳ ቦታው የኢሲስ የምትባል ጣዖት ቤት እንደነበረ፣ በኋላ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን እንዳደረጉት፣ መስቀሉም የእነሱ እንደሆነ አስረዳች። እመቤታችን ግን እስከዚህ አልመጣችም።

«ቀድመሽ አትናገሪም?» አለች ስንዱ በአማርኛ፣ ጫማዋን መልሳ እያጠለቀች። ሮሃ ከዓምዱ ጀርባ ተደብቃ ስትስቅ ነበር፤ እናቷም ስትስቅ አየቻትና ልቧ ተስፋ አደረገ።

በማግስቱ ጀልባው ኮም ኦምቦ ቆመ። እዚያ ካለው ቤተ መቅደስ ጀርባ አንድ ግድግዳ አለ፤ መቀስ፣ ቢላዋ፣ መንጠቆ፣ ጽዋ የሚመስሉ ነገሮች ተቀርጸውበታል። የሐኪሞች መሣሪያዎች ናቸው ይባላል አለች ዩስራ። ከዚያ እንደ ጨዋታ አድርጋ በአንድ የጥንት የመድኃኒት ጽሑፍ ውስጥ ለሚያለቅስ ሕፃን የሚሰጥ እንዳለ ጨመረች፤ ከሚያስተኛ ተክል ተቀምሞ ለአራት ቀን ይሰጠዋል፣ ልቅሶውም ወዲያው ይቆማል።

ሮሃ እየሳቀች ተረጎመች። «ሰማሽ ማሚ? ሕፃን ሲያለቅስባቸው መድኃኒት አጠጥተው ያስተኙት ነበር። እንዴት ያሉ ጨካኞች ናቸው፣ ኔ፣ አይደል?»

ስንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከጆሃንስበርግ ከወጡ ጀምሮ በገዛ ፈቃዷ ስትቀመጥ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጨካኝ አይደሉም» አለች። «ፈርተው ነው።»

ቡድኑ ወደ ሌላው ግድግዳ አለፈ። እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ፤ ስንዱም ነገረቻት። ደላላውን፣ ጠርሙሱን፣ ሸራውን፣ ኬላውን፣ የዓይኗን ነጭ። ማለዘቢያ ቃል አልፈለገችም፤ ከጀመረች በኋላ አፏ ራሱ ይሮጥ ነበር። ሮሃ ሳትቀመጥ ሰማቻት።

«አንድ ነው የተባልሽው?»

«አንድ።»

«ሦስት ሰጠሽኝ።»

«ሦስት።»

«ታመሽ ነበር ያልሽኝስ?»

«ዋሸሁሽ።»

ሮሃ የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀችና ወደ ጀልባው ሄደች። ስንዱ ከድንጋዩ ሳትነሣ ቀረች።

ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። «ቁርስ ደርሷል»፣ «ፓስፖርቱ ያንቺ ቦርሳ ውስጥ ነው»፤ ከዚህ ያለፈ ቃል የለም። ስንዱን ይበልጥ ያንገበገባት ግን ካርናክ ነው። ልጅቷ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋ ያየችው ቦታ፣ እነዚያ ዓምዶች መሐል ገብታ፣ ቀና ሳትል፣ የስዕል ደብተሯን ሳትከፍት፣ አንዱን ተደግፋ ስልኳን ስታይ ዋለች። ስንዱ ከሩቅ ቆማ አየቻት። እኔ ነኝ ይኼን ያደረግሁት አለች በልቧ። አንዴ መንገድ ላይ እንቅልፍ አጠጣኋት፤ አሁን ደግሞ የተመኘችውን ነጠቅኋት፤ ሁለቱንም እኔ ስለፈራሁ ነው። ዓምዶቹ ምን ያህል ትልልቅ እንደሆኑ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ስድስት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ አንዱን ለማቀፍ መብቃቱን እንጃ። ቀጥሎስ ሳትል እዚያው ቆመች።

በመጨረሻው ቀን አውቶቡሱ ወደ አሮጌው ካይሮ ሲሄድ ከልጇ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠች።

«ሮሂ፣ አላዝልሽም» አለች። «አባ ሲላስ እንዳሉት ጧፍ አስገባለሁ። ስለቱን የተሳልኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። የሚጠየቅም ካለ እኔ እጠየቃለሁ። አንቺ ቤቱን እይ፣ ያረጀ ነው ይላሉ፣ ደስ ይልሻል።»

ሮሃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስንዱ ነጠላውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ሥር ከተተችው። እንደዚያ ቀን ድካም ተሰምቷት አያውቅም፤ ሃምሳ ስምንቱ ኪሎ ሳትሸከመው ወገቧን ቆረጠው።

አቡ ሰርጋ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው፤ በደረጃ ይወረዳል። ዩስራ እመቤታችን ያረፈችበት ዋሻ ከመቅደሱ ሥር እንደሚገኝ ተናግራ ቡድኑን ይዛ ወረደች። ሮሃም ወረደች። ስንዱ ደረጃው ጫፍ ላይ ጫማዋን አውልቃ ቆመች። ሊያዩ የሚመጡ በግራና በቀኝ ያልፏታል። አሥራ ስምንት ዓመት የሮጠችለት ቦታ ከፊቷ ነው፤ ባዶ ጀርባዋን ይዛ መውረድ አቃታት። አልቅሳ አታውቅም ማለት ሐሰት ይሆናል፤ በሰው ፊት ግን ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ሮሃ ከታች መልሳ ወጣች። እናቷ ፊት ቆመች፤ እሷም ዓይኗ አብጧል።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች።

«እሺ።»

«አሁን ይቅር በዪኝ እንዳትዪኝ።»

«አልልሽም።»

«ወገብሽን ከሰበርሽው ደግሞ ጭራሽ አልልሽም። ሲሪየስ ነኝ። ነጠላውን አምጪ።»

ስንዱ ነጠላውን ከቦርሳዋ ሥር አወጣች። ሮሃ ከኋላዋ መጣች፤ ክንዶቿን በአንገቷ ላይ አሳለፈች፣ ነጠላውን በሁለቱም ዙሪያ አዞረችና ቋጠሮውን ራሷ አጠበቀችው። «አንሺኝ» አለች።

አነሣቻት። ብርድ ልብስና ሰው አንድ አይደሉም፤ ብርድ ልብስ እግሩ መሬት አይነካም፣ አይንቀጠቀጥም፣ ትንፋሹ አንገት አያሞቅም። ስንዱ ግድግዳውን ይዛ አንድ ደረጃ ወረደች። ሁለተኛውን። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እጁን ዘርግቶ ጮኸ፤ ዩስራ ከታች «ነድር! ነድር!» ብላ መለሰችለት። ስለት ማለት ነው፤ ሮሃ ቀድማ ነግራታ ኖሯል። ዘበኛው ይህን ሲሰማ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ከመንገድ ገለል ብሎ ሌሎቹንም በእጁ ገለል አደረጋቸው።

በሩን አለፉ። በዓምዶቹ መሐል እስከ ውስጥ ሄዱ። ወገቧ ጮኸ፣ እሷ ግን አልሰማችውም፤ ጆሮዋን የሰጠችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንገቷ ሥር ለሚመላለሰው ትንፋሽ። ዋሻው አፍ ላይ፣ ወደ ታች የሚወርደው ደረጃ ጨለማ በሚታይበት፣ ቆመች። ደርሰዋል።

ስለት ሲገባ እልል ይባላል። አገር ቤት ቢሆን ደጀ ሰላሙ ይናወጥ ነበር። እዚህ ግን የስንዱን ስለት የሚያውቅ ማንም የለም፤ እሷም አፏን ከፈተች እንጂ ድምፅ የሚያወጣ ትንፋሽ አልቀራትም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ያን ጊዜ ከጆሮዋ ሥር እልልታው ወጣ። የጎንደር እልልታ አይደለም፣ ሮሃ ያንን አታውቅም። ትምህርት ቤት ሳለች ከሶዌቶ ልጆች የተማረችው፣ ቀጭንና ረጅም፣ በሰርግ ቀን መንገድ ላይ የሚሰማው ነው። ቱሪስቶቹ ስልካቸውን እንደያዙ ዞረው አዩ። መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠና ተቆረጠ፤ ሮሃ ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ጀመረችው። ስንዱ ልጅቷ እስክትጨርስ ድረስ አላወረደቻትም።